ከቁጥሩ ራስጌ

«ሁለቱንም ዜሮ ነው የምሰጣቸው» አለ የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ከቁም ሳጥኑ ማዶ ሆኖ። «ኩረጃ ነዋ! ሌላ ምን ስም ልታወጡለት ነው?»

ቁም ሳጥኑ የመምህራኑን ማረፊያ ክፍል ለሁለት ይከፍለዋል። በመስኮቱ በኩል፣ ፀሐይ በሚገባበት ወገን፣ የኃላፊውና የነባሮቹ መምህራን ጠረጴዛዎች አሉ፤ በበሩ በኩል ደግሞ በሩ በተከፈተ ቁጥር ወረቀት የሚበተንባቸው የአዲሶቹ። ወጣቷ መምህርት የምትቀመጠው ጀርባዋን ለቁም ሳጥኑ ሰጥታ ነው። ማዶ የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች፤ ማዶ ያሉት ግን እሷ መኖሯን ይረሱታል፤ ሲበዛ ዝምተኛ ናትና። ተማሪዎቹ «ትንሿ ጠመኔ» ይሏታል። ስሙን የወረሰችው ከአባቷ ነው። አባቷ እዚሁ ትምህርት ቤት ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሒሳብ ሲያስተምር የካፖርቱ እጅጌ ሁልጊዜ ነጭ ስለነበረ «ጋሽ ጠመኔ» ሲባል ኖሯል። ቅጽል ስሙን አትጠላውም፤ ብቻ ሲጠሯት የአባቷን ካፖርት የለበሰችና እጅጌው የረዘመባት ይመስላታል።

ስማቸው የተነሣው ተማሪዎች የልብስ ሰፊዋ ልጅና የዘበኛው ልጅ ናቸው፤ አንዷ ባለችበት ሌላዋ የማትጠፋ ሁለት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች። «ሰው ሲሳሳት በየራሱ መንገድ ነው የሚሳሳተው» አለ ኃላፊው። «እነዚህ ግን ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ስሕተት! ሰማይ ነው ያወረደላቸው?» ዳይሬክተሩ ከስብሰባ የሚመለሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ያኔ ወረቀቶቹ እሱ ዘንድ ይቀርባሉ። እዚያ ከደረሱ በኋላ ነገሩ ያበቃለታል። በኩረጃ የተያዘ ተማሪ ለዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና አይቀመጥም፤ ለማጠቃለያው ያልተቀመጠ ደግሞ ዩኒቨርሲቲን በሩቁ ነው የሚያየው።

ወጣቷ መምህርት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ መልሳ አነሣችው፤ እንደገና አስቀመጠችውና ተነሥታ ቁም ሳጥኑን ዞረች። ወረቀቶቹን ማየት እንደምትችል ስትጠይቅ ድምፅዋ ከራሷ ጆሮ እንኳ በቅጡ አልደረሰም። ኃላፊው ግን ክፉ ሰው አልነበረምና ገፋ አደረገላት።

ጥያቄዎቹ ሁሉ ስለ ሊሚት ናቸው። በመጀመሪያው ላይ አንድ ፈንክሽን ሦስት ላይ ለሁለት ይሰበራል፤ ከሦስት በታች አንድ ሕግ አለው፣ ከሦስት በላይ ሌላ። ጥያቄው «ኤክስ ወደ ሦስት ሲጠጋ» ይልና ከሦስቱ ራስጌ አንዲት ትንሽ የመቀነስ ምልክት ያስቀምጣል። ምልክቷ «ከግራ ብቻ ጠጋ በል፣ ቀኙ አያገባህም» ማለት ናት። መልሱ አራት ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም። ሁለቱ ልጆች ግን ከግራ ሄደው አራትን በትክክል ካገኙ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ዞረው ከቀኝም መጥተዋል፤ ስድስትንም በትክክል አግኝተዋል። ከዚያ «አራትና ስድስት እኩል አይደሉም፤ ስለዚህ ሊሚቱ የለም» ብለው ከሥሩ አስምረውበታል። ጥያቄው ሁሉ ላይ እንደዚሁ ነው። እጥፍ ሥራ ሠርተው ዜሮ አገኙ። ከሁሉ በላይ ዓይኗን የያዘው ግን በሁለቱም ወረቀት ኅዳግ ላይ የተሳለችው ትንሽ በር ነበረች፤ ከግራዋ አንድ ቀስት፣ ከቀኟ አንድ ቀስት። ያቺን በር እንደ ስሟ ታውቃታለች። «በሩ ላይ ማን እንደቆመ አትጠይቂኝ» ይላት ነበር አባቷ ልጅ ሳለች። «ከግራ የሚመጣው ሰውዬ የት ሊደርስ ነው? ከቀኝ የሚመጣውስ? ተገናኝተው ከተጨባበጡ ሊሚት አለ። ካልተገናኙ፣ በየቤታቸው ይግቡ።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆይልኝ» አለች።

«ምን ልታደርጊ?»

«ላነጋግራቸው።»

«አነጋግሬያቸዋለሁ። አፋቸው ተለጉሟል። ይኸውልሽ ቁልፉ፣ አንቺ ከከፈትሽው።» ባዶ እጁን ዘረጋላት፤ ነባሮቹም ሣቁ።

ልጆቹን ያገኘቻቸው ከደረጃው ሥር፣ የተሰበሩ ወንበሮች የሚከመሩበት ቦታ ነው። የልብስ ሰፊዋ ልጅ እናቷ በጥንቃቄ የሰፋችላትን የዩኒፎርም ኮሌታ በእንባዋ አበስብሳዋለች። ንዴት እንጂ ሐዘን አይመስልም። የዘበኛው ልጅ ጉልበቷን አቅፋ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። መምህርቷ አጠገባቸው አንድ እግሩ የጎደለ ወንበር ላይ ሚዛኗን ጠብቃ ተቀመጠችና ከቁጥሩ ራስጌ ያለችውን ምልክት አይተዋት እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«አይተናታል፣ ቲቸር» አለች የልብስ ሰፊዋ ልጅ። «ግን ቆሻሻ ናት።»

«ምን?»

«የፎቶ ኮፒ ቆሻሻ። መልመጃው ላይም ነበረች እኮ! መልመጃው መቼም የኮፒ ኮፒ ነው፤ ዝንብ የተራመደበት ነው የሚመስለው። እኛ ሊሚት ስንማር የኛ ቲቸር ታመው ነበር፣ የተተካው ሰውዬ ደግሞ በሩጫ ነው የጨረሰው። ስለዚህ ጋሼን ጠየቅናቸው። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አድርገው አዩና ሣቁ። ‹ማሽኑ አስነጥሶበት ነው፣ እለፉት› አሉን።»

መምህርቷ የትኛው ጋሼ ብላ አልጠየቀችም። ልጆቹ ከትምህርት በኋላ እሷ ቤት እንደሚሄዱ፣ አባቷ በጥቁር ቀለም በተቀባው የጓዳ በር ላይ እየጻፈ በነጻ እንደሚያስጠናቸው ታውቃለች። ብዙ ጊዜ እሷ ስትገባ እነሱ ሲወጡ ነው የሚተላለፉት።

«ታዲያ ይሄን ለኃላፊው ለምን አልነገራችሁትም?»

የልብስ ሰፊዋ ልጅ ጓደኛዋን አየቻት። የዘበኛው ልጅ ዓይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። «ምን ብለን? ጋሼ ተሳሳቱ ብለን?»

የመምህርቷ ቤት ከትምህርት ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ለምሳ እረፍት ሄዶ መመለስ ይቻላል። የአባቷ ታላቅ እህት ደፉ ላይ ዱካ አውጥታ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ድንች በላጠች ቁጥር ዋጋውን የምትረግም ሴት ናት። «ሻጩን፣ ልጣጩን መዝንና ቀንስልኝ አልኩት» አለቻት ገና ስታያት። «‹እማማ፣ ከነልጣጩ ነው የበቀለው› አይለኝ መሰለሽ? ምነው ዛሬ በምሳ ሰዓት? አመመሽ እንዴ?» መምህርቷ እጇን ሳመቻትና አልፋ ገባች። አባቷ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበሩ ላይ ጋዜጣውን ጉልበቱ ላይ አጥፎ ተቀምጧል። ስትገባ ፊቱን ከእሷ ዘወር አደረገ። እሱ የለቀቀው ክፍል ውስጥ ማስተማር ከጀመረችበት ጊዜ ወዲህ ልማዱ ይሄው ነው፤ ሲያነጋግራት እንኳ ዓይኑ ከትከሻዋ ማዶ ግድግዳው ላይ ነው የሚያርፈው። አኩርፎኛል ብላ ደምድማለች። ምን እንዳስኮረፈው አልጠየቀችም፤ እሱም አልነገራት። በዚህ ቤት ኩርፊያ እንደ ዕቃ ነው፤ ከተቀመጠበት ማንም አያነሣውም።

ጠመኔ አንሥታ በጥቁሩ የጓዳ በር ላይ ጻፈች። ትናንት የጻፈው ሳይጠፋ ዳር ላይ ነበርና ያኔ ነው ልብ ያለችው፤ ፊደሎቹ የሰው ክንድ ያህላሉ። ድሮ እንዲህ አልነበሩም። እሷ የጻፈችው በልኩ ነው፦ ሊሚት፣ ኤክስ ወደ ሦስት፣ ከሦስቱ ራስጌ ትንሽ መቀነስ።

«አባዬ፣ አንዲት ጥያቄ አስቸገረችኝ።»

ፊቱ በራ። እየተንደረደረ ማለት በሚቻል ፍጥነት ተነሥቶ መጣ፤ በሩ ላይ አፍንጫው እስኪነካ ተጠጋ። «ኤክስ ወደ ሦስት ሲጠጋ… ይቺ ናት ያስቸገረችሽ? አንቺን?»

«ከየት በኩል ነው የሚጠጋው?»

«ከየትም በኩል። ከግራም ከቀኝም። የተባለ ነገር የለማ።»

ከደጅ የቢላዋው ድምፅ ተቋረጠ። ጠመኔው በእጇ ውስጥ መሟሟት የጀመረ መሰላት።

«ንገራት እንግዲህ!» አለች አክስቷ ከደጅ። «አንተ ልጅ፣ እስከ መቼ ነው የምንደብቃት? እኔ እንደሆንኩ ጋዜጣ ማንበብ ታክቶኛል። ግማሹን ከራሴ እየፈጠርኩ ነው የማነብልህ።»

«መቼ ጠፋኝ?» አለ አባቷ። «ትናንት ድንች ረከሰ ብለሽ ስታነቢልኝ አይደል የነቃሁብሽ?»

ማንም አልሣቀም። አባቷ ወደ ወንበሩ ተመልሶ በእጁ መደገፊያውን ፈልጎ ተቀመጠ። «መሐሉ ነው የሄደው» አለ። «ዙሪያውን ሁሉ አየዋለሁ። መስኮቱን፣ በሩን፣ ጥግ ላይ ያለውን መጥረጊያ ሳይቀር። ቀጥ ብዬ ያየሁት ነገር ብቻ ነው የሚጠፋኝ። መነጽርም አያግዘውም፣ ብሏል ሐኪሙ። ትልቅ ከሆነ ጠርዙን ይዤ እደርስበታለሁ፤ ትንሽ ነገር ግን ገብታ ትቀልጣለች። ሰውም እንደዚያው ነው። አንቺን ቀጥ ብዬ ሳይሽ ፀጉርና ጆሮ ብቻ ነሽ። ፊትሽን የማገኘው ዘወር ስል ነው።» እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ይኸው፣ አሁን አየሁሽ። ከስተሻል። እዚያ ትምህርት ቤት ምሳ አይበላም እንዴ?»

ያን ሁሉ ጊዜ ፊቱን ሲያዞርባት፣ ለካ እሷን ለማየት ነበር። ሄዳ ከወንበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠችና ራሷን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች፤ ልጅነቷ ካለፈ ወዲህ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። እጁን ፀጉሯ ላይ አስቀመጠ። ከደጅ ድንች ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ይሰማ ነበር። የመጣችበትን ነገር ከነገረችው ከዚህ ሁሉ የተረፈችለትን አንዲት በር ልትዘጋበት ነው፤ ካልነገረችው ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት እየመጣ ነው።

ቀድሞ የጠየቃት እሱ ነው። «ይቺን ጥያቄ ከየት አመጣሻት?»

ነገረችው። ስለ ልጆቹ ስትጀምር እጁ ፀጉሯ ላይ ቆመ። ስለ ምልክቷ ከመድረሷ በፊት ራሱ፣ «ማሽኑ አስነጥሶበት ነው አልኳቸው» አለ ቀስ ብሎ። «ደግሞ እኮ ሣቅሁ።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ በእግሩ ወለሉን ማሰስ ጀመረ። ጫማውን ነበር የሚፈልገው።

«አባዬ፣ እኔ እነግረዋለሁ። አንተ መምጣት የለብህም።»

«የኔ ስሕተት በልጄ አፍ አይሄድም» አለ። «እትዬ! ካፖርቴን!»

«ሸሚዝህን እንኳ ገልብጠህ ነው የለበስከው» አለች አክስቷ ካፖርቱን ይዛ እየገባች። «ቁም እስቲ። እንዲህ ሆነህማ ሰው ፊት አትወጣም።» እጇ በድንች ስለረጠበ ቁልፎቹን መፍታቱ አስቸገራት፤ አንገቱ ሥር ስትደናበር እሱ አገጩን ቀና አድርጎ ጠበቃት።

መንገድ ላይ ክንዷን አልያዘም። ለሚያውቀው ሰው ሁሉ ቀድሞ ሰላም ይላል፤ በአካሄዳቸው ነው የሚለያቸው። መኪና የሚበዛበት ማቋረጫ ሲደርሱ ግን የሹራቧን እጅጌ በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አደረገ። ተሻግረውም አለቀቀውም።

ኃላፊው ከመቀመጫው ተነሣ። እሱም የጋሽ ጠመኔ ተማሪ ነበር፤ ነባሮቹም አንድ ሁለቱ። ወንበር ሳቡለት፣ አልቀመጥም አለ። እጁን ወረቀቶቹ ላይ አሳርፎ፣ ዓይኑን ከኃላፊው ራስ አጠገብ ወዳለው መስኮት አድርጎ፣ ነገሩን ባጭሩ ተናገረ፤ ምልክቷን አላያትም፣ ማየት እንደማይችልም ለልጆቹ አልነገራቸውም፤ ይልቅ ቆሻሻ ናት ብሎ አሳለፋቸው።

«ኧረ ጋሼ፣ ምን በወጣዎት» አለ ኃላፊው ፊቱ ቀልቶ። «በቃ እናልፈዋለን። ሙሉ ማርክ እሰጣቸዋለሁ።»

«እንዳታደርገው! ተሳስተዋል እኮ። ያገኙትን ስጣቸው፣ የሳቱትን ውሰድባቸው። ኩረጃ የሚለውን ብቻ ነው የምታነሣልኝ።»

ኃላፊው አንገቱን አከከ። «ማስተማሩን እርስዎ ያስተምሯቸው፤ አንዷ ከሌላዋ አለመገልበጧን ግን በምን አውቃለሁ? ዳይሬክተሩ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው?»

«ከቀኝ የመጡበትን ይዩልን» አለች ወጣቷ መምህርት። ሁሉም ዞር ብለው አዩዋት። ከመካከላቸው ገብታ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋች። «የልብስ ሰፊዋ ልጅ ሦስትን ቀጥታ ተክታ ነው ስድስትን ያገኘችው። የዘበኛው ልጅ ግን ለሦስት የሚቀርቡ ቁጥሮችን አንድ በአንድ እየሞከረች ነው የደረሰችበት፤ ይኸው ሰንጠረዡ። እዚህ ጋ ደግሞ ተሳስታ ሰርዛለች። መንገዳቸው ለየቅል ነው። ደግሞስ የሚኮርጅ ሰው ያልተጠየቀውን ይሠራል?»

ኃላፊው ወረቀቶቹን ወደ ዓይኑ አቀረበ፤ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ቀይ እስክሪብቶውን አነሣ። «ትንሿ ጠመኔ» አለ፤ ወዲያው ደግሞ ከአፉ ስላመለጠው አፈረና አጎነበሰ። ዜሮዎቹን ሰርዞ ከየአንዳንዱ ትክክለኛ ስሌት አጠገብ የሚገባውን ማርክ መጻፍ ጀመረ። ብዙ አልነበረም። ለማለፍ ግን በቃ፤ ወረቀቶቹም ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር ተደባልቀው መሳቢያ ውስጥ ገቡ።

ከትምህርት በኋላ ልጆቹ ወደ መምህርቷ ቤት መጡ። አክስቷ ቀሪውን ድንች ቀቅላ ነበርና ከነሙቀቱ አቀረበችላቸው። እየበሉ ሳለ አባቷ ከጥቁሩ በር አጠገብ ቆሞ ነገራቸው፤ ለኃላፊው የነገረውን ያህል አላሳጠረውም። ዓይኑ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ፣ ምልክቷ ምን ማለት እንደነበረች፣ እነሱ ስለ እሱ ዝም ብለው ምን ሊያጡ እንደነበረ። በመጨረሻ ሌላ አስጠኚ ቢፈልጉ እንደማይቀየም ነገራቸው። የልብስ ሰፊዋ ልጅ አፏ ውስጥ ያለውን ድንች ማላመጥ ረሳች።

«እኔ ጠርጥሬ ነበር» አለች የዘበኛው ልጅ።

«ምኑን?»

«ፈተናው ላይ ጥያቄው ሁሉ ላይ ነበረች። አንዳንዱ ላይ የመቀነስ፣ አንዳንዱ ላይ የመደመር። ቆሻሻ እንዲህ ቦታ መርጦ አይወድቅም ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ምነው እንዳየሽው ያልሠራሽ?»

«እርስዎ ቆሻሻ ናት ብለው ነበራ» አለች፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል በሚል ድምፅ።

የመምህርቷ አባት ቀጥ ብሎ ቢያያት ልጅቷ ትጠፋበታለች፤ ፊቱን ወደ ጎን አዞረና ለረጅም ጊዜ አያት። መምህርቷ እንዲህ ሲሰበር አይታው አታውቅም፤ ለኃላፊው ሲናገር እንኳ እንዲህ አልሆነም። ተነሥታ አጠገቡ ልትቆም አሰበች፤ ከዚያ ይልቅ የልጆቹን መልመጃ አነሣች።

«እኔ አነባለሁ፣ አንተ ትጽፋለህ» አለችው። «ሊሚት፣ ኤክስ ወደ ሁለት። ከሁለቱ ራስጌ ትንሽ መደመር አለ። ከሁለት በታች ሦስት ኤክስ ሲቀነስ አንድ፣ ከሁለት በላይ ኤክስ ሲደመር ስድስት።»

ጠመኔውን አንሥቶ በክንድ በሚያክሉ ፊደሎች ጻፈው። ከሁለቱ ራስጌ የመደመር ምልክቷን ሲያደርግ ከቁጥሩ የበለጠች ሆና ወጣች። ከዚያ በሯን ከነቀስቶቿ ሳለ፣ እንደ ሁልጊዜውም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እንግዲህ ከግራ የሚመጣው ሰውዬ…» ብሎ ጀመረ።

«አይ፣ ጋሼ» አለች የዘበኛው ልጅ።

ልጅቷ ራሷ በተናገረችው ደንግጣ የጓደኛዋን ክንድ ያዘች። የመምህርቷ አባት እጅ በሩ ላይ እንዳለ ቆመ።

«አይ?»

«የግራውን አልተጠየቅንም» አለች፤ ድምፅዋ በጣም ቀጭን ነበር። «ከቀኝ ብቻ ነው። ስምንት ነው።»

አባቷ እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። የግራውን ቀስት በካፖርቱ እጅጌ አጠፋና ጠመኔውን ወደ ድምፅዋ አቅጣጫ ዘረጋላት። «ነይ ጻፊው» አለ፤ ልጅቷ እስክትነሣም ከበሩ ፊት ዞር ብሎ ቦታውን ለቀቀላት።